የሐድሪያን ግንብን ያለ አስጎብኚ በእግር መጓዝ፦ ድርጅት የሚያስፈልገው የት ነው?

በሰሜን እንግሊዝ ሮማውያን የሠሩትን የሐድሪያንን ግንብ ተከትሎ ከባሕር እስከ ባሕር የሚዘልቀው የእግር መንገድ 135 ኪሎ ሜትር ነው። ምሥራቅ ላይ ከኒውካስል ጥግ፣ ከዎልሰንድ ይነሣና ምዕራብ ላይ ቦውነስ ኦን ሶልዌይ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ያበቃል። ያለ አስጎብኚ መጓዝ ለሚፈልግ ሰው ማረፊያ የሚይዙ፣ ሻንጣውን ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው የሚያደርሱ፣ ካርታና የመንገድ መግለጫ የሚሰጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። እዚህ የምንገመግመው ይህንኑ አገልግሎት ነው፤ ፍርዳችንንም ከወዲሁ እንናገር። ሙሉውን መንገድ ለሚሄድ ሰው ድርጅት መያዝ ያዋጣል፤ ግን ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን የስድስት ቀን ጥቅል እንዳለ መግዛት የለበትም። የግንቡን ምርጥ ክፍል፣ ማለትም መካከለኛውን ብቻ ማየት ለሚሻ ደግሞ ድርጅት ጭራሽ አያስፈልገውም።

የስድስት ቀኑ ጥቅል ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። በቀን በአማካይ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ ይጠይቃል። በደልዳላ መሬት ይህ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ምሳና ዕረፍት ሲጨመርበት ቀኑ አለቀ። ምሽጎቹና ሙዚየሞቹ ደግሞ ብዙዎቹ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ ሰዓት 5 ላይ ይዘጋሉ፤ የመጨረሻው መግቢያ ከዚያም ይቀድማል። ስለዚህ ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ መጥቶ የሮማውያኑን ምሽግ በአጥር አሻግሮ አይቶ ወደ ማረፊያው ይሮጣል። ለሙሉው መንገድ ስምንት የጉዞ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ጠይቁ። የዕረፍት ቀኑንም መካከል ላይ፣ ዋንስ ብሩድ በሚባለው ስፍራ አስቀምጡት እንጂ ካርላይል ከተማ ላይ አታባክኑት።

አገልግሎቱ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ማረፊያው ብዙውን ጊዜ ከመንደር ፐብ (መጠጥና ምግብ ቤት) ፎቅ ላይ ያለ ክፍል፣ የእንግዳ ማረፊያ የሆነ የገበሬ ቤት ወይም ትንሽ ሆቴል ነው፤ ቁርስ አለው። ሻንጣችሁን ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በፈረንጅ 9) በፊት በር ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ በሚቀጥለው ማረፊያ ይጠብቃችኋል። የአንድ ሻንጣ ክብደት ገደብ አብዛኛውን ጊዜ 20 ኪሎ ነው፤ ሾፌሩ ብቻውን ስለሚያነሣው ገደቡን በጥብቅ ይይዙታል። ባልና ሚስት አንድ 30 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ሻንጣ ይዘው ሲመጡ ነው ጭቅጭቅ የሚነሣው፤ ሁለት ትንንሽ ሻንጣ ያዙ። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የዝናብ ልብስና አንድ ደረቅ ካልሲ ግን ከጀርባችሁ አይለዩ። ሻንጣ የዘገየ ቀን ሰውን የሚያስለቅሰው እነዚህ ሻንጣው ውስጥ ሲቀሩ ነው።

ክፍያው የማያካትታቸው ነገሮችም አሉ፦ ምሳና ራት፣ የምሽጎቹ መግቢያ፣ እስከ መነሻው መድረሻ ትራንስፖርት፣ እግር እምቢ ባለ ቀን የሚያስፈልግ ታክሲ። ከሁሉ የሚከፋው ስውር ወጪ የማረፊያው ርቀት ነው። በመካከለኛው ክፍል ግንቡ የሚሄደው ሰው በማይኖርበት ገደል አናት ላይ ስለሆነ ማረፊያዎቹ ከመንገዱ ወረድ ብለው ሸለቆው ውስጥ ናቸው። ሃያ ኪሎ ሜትር ከተራመዱ በኋላ “ማረፊያችሁ ከዚህ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው” መባል ያማል። ታክሲ በዚህ አገር ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ ስልክም በብዙ ቦታ ኔትወርክ የለውም።

ማረፊያውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሻንጣ ማድረስ ብቻ ለሚሠራ ድርጅት መክፈልም ይቻላል፤ ከሙሉው ጥቅል ይረክሳል። እንዲህ ለሚያደርግ ሰው ምክራችን አንድ ነው። አልጋ የሚያንሰው በቾለርፎርድ፣ በዋንስ ብሩድና በጊልስላንድ አካባቢ ስለሆነ መጀመሪያ እነዚህን ያዙ፤ የተቀረው ቀን በእነሱ ይሸንሸን። ከኒውካስል ጀምሮ በተርታ የሚይዝ ሰው ሦስተኛው ሌሊት ላይ አልጋ አጥቶ ሁሉንም ያፈርሳል።

አሁን ወደ ግንቡ። ሥራው የተጀመረው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ብሪታንያን በጎበኘበት በ122 ዓ.ም. ነው (ዘመኖቹ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት የሮማ ሌጌዎኖች (ታላላቅ የጦር ክፍሎች) ናቸው የገነቡት። ርዝመቱ 80 የሮማ ማይል፣ በዛሬው ልኬት ወደ 117 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየማይሉ አንድ ትንሽ የበር ምሽግ፣ በሁለቱ መካከል ሁለት ሁለት ማማ፣ ከዚያም በላይ ጦሩ የሚሰፍርባቸው ትላልቅ ምሽጎች ነበሩት። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ የእግር መንገዱ በ2003 ተከፈተ። የማይል ምሽጎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ካርታው ላይ “37” ወይም “42” የሚል ስታዩ ያ ማለት ነው፣ የት እንደደረሳችሁም በዚህ ታውቃላችሁ።

መታወቅ ያለበት እውነት፣ ማስታወቂያዎቹ ላይ የምታዩት ገደል አናት ላይ የሚጋልበው ግንብ ከመንገዱ አነስተኛውን ክፍል ብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው። ከዎልሰንድ እስከ ሄደን ኦን ዘ ዎል ያለው የመጀመሪያ ቀን 24 ኪሎ ሜትር በከተማና በወንዝ ዳር አስፋልት ላይ ነው። ዎልሰንድ ላይ ሴጌዱኑም የተባለው ምሽግና ማማው መታየት አለባቸው፤ የሜትሮ ጣቢያውም ጽሑፎች በላቲን ተጽፈው መሰቀላቸው ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን አስፋልቱ እግርን ይገርፋል። በዚህ መንገድ ላይ እግራቸው ውሃ የሚቋጥር ሰዎች ብዙዎቹ ቁስሉን የሚያገኙት ተራራው ላይ ሳይሆን እዚሁ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው፤ ጠንካራ ሶል ያለው የተራራ ጫማ አድርገው ቀኑን ሙሉ አስፋልት ስለሚረግጡ። ለዚህ ቀን የስፖርት ጫማ አድርጉ፣ የተራራ ጫማችሁን ሻንጣ ውስጥ ክተቱ።

ሁለተኛው ቀን ከሄደን እስከ ቾለርፎርድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሜዳ ሜዳውን ቢሄድም መኪና ከጎን አይለይም። በ1745 ከስኮትላንድ በተነሣው ዓመፅ ጊዜ የመንግሥት ጦር ከኒውካስል ወደ ካርላይል መድፍ ይዞ የሚያልፍበት ደህና መንገድ አጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የወታደር መንገድ ሲሠራ ግንቡን እያፈረሱ ድንጋዩን መሠረት አደረጉት። ዛሬ ቢ 6318 የሚባለው መኪና መንገድ ለብዙ ኪሎ ሜትር በግንቡ ላይ ነው የሚሄደው። የሚታየው ግንቡን ለመከላከል የተቆፈረው የሮማውያን ቦይ ነው፤ እርሱም ጥልቅና ያምራል፣ ድንጋይ ፈላጊን ግን አያጠግብም። ጊዜ ያጠረው ሰው እነዚህን ሁለት ቀናት ያለ ጸጸት ይዝለል።

ከቾለርፎርድ ጀምሮ ነገሩ ይለወጣል። ቼስተርስ የፈረሰኛ ምሽግ ነው፤ ወንዙ ዳር ያለው መታጠቢያ ቤት ግድግዳው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይታያል። ሁለት ሰዓት ስጡት። ሙዚየሙ በ19ኛው መቶ ዘመን በግንቡ ላይ ያሉ እርሻዎችን እየገዛ ድንጋዩን ከመዘረፍ ያዳነው የጆን ክሌይተን ስብስብ ነው፤ ዛሬ በመካከለኛው ክፍል የቆመ ግንብ ካለ በእርሱ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከወንዙ ማዶ ያለው የሮማውያን ድልድይ መሠረት ነጻ ነው፤ ከቾለርፎርድ ድልድይ አጭር የእግር መንገድ ይወስዳል፣ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፋል።

ከቼስተርስ እስከ ሃውስቴድስ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ ሱቅ የለም። ከማረፊያችሁ ምሳ አስቋጥሩ፣ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። ላይምስቶን ኮርነር ላይ ወታደሮቹ ቦዩን ሲቆፍሩ ድንጋዩ አልበገር ብሏቸው ትተውት የሄዱት አለት አለ፤ ሽብልቅ ለማስገባት የፈለፈሏቸው ጉድጓዶች እስካሁን ይታያሉ። ከዚያ አለፍ ብሎ በካሮው በርግ ሚትራስ ለተባለው አምላክ የተሠራ ትንሽ ቤተ ጣዖት አለ። መሠዊያዎቹ ቅጂ ናቸው፤ ዋናዎቹ ኒውካስል ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ከዝናብ በኋላ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል።

ሃውስቴድስ ከሁሉም ይበልጣል። በኮረብታ ትከሻ ላይ የተዘረጋው ምሽግ አራቱ በሮቹ፣ የአዛዡ መኖሪያ፣ ሆስፒታሉና ጎተራዎቹ መሠረታቸው በግልጽ ይነበባል። የጎተራውን ወለል ተጠግታችሁ እዩት፤ ወለሉ በአጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ነበር የተነጠፈው፣ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍና እህሉ እርጥበት እንዳያገኘው። በእንጨት እግር ላይ የቆመ የገጠር ጎተራ አይቶ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በደቡብ ምሥራቁ ጥግ ያለው የወታደሮቹ መጸዳጃም ቦዮቹ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውና የእጅ መታጠቢያው ሳይቀር ቅርጹን ጠብቋል፤ ዝናብ ከጣሪያና ከጓሮ እየተጠራቀመ እንዴት እንደሚያጥበው በዓይን መከተል ይቻላል። ከምሽጉ በስተ ምዕራብ ያለችው ትንሽ ጫካ በመንገዱ ሁሉ ግንቡ ላይ ወጥቶ መሄድ የሚፈቀድባት ብቸኛ ቦታ ናት። ሌላ ቦታ ላይ አትውጡ፤ በሞርታር የተያያዘው አናት በሰው እግር ነው የሚላቀቀው።

ከሃውስቴድስ እስከ ስቲል ሪግ በካርታ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ይላል። ሰዎች አንድ ሰዓት ይገምቱታል፤ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ግንቡ ዊን ሲል በሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ገደል ጫፍ ላይ ስለተሠራ መንገዱ በየጥቂቱ ወደ ሸለቆ ወርዶ ድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው ያልተስተካከለ ነው፣ አለቱ በሰው እግር ለስልሷል፣ ሲረጥብም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሁለት የመመርኮዣ ዱላ ይያዝ፤ የሚያስቸግረው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። በተለይ ፒል ክራግስ ላይ ያለው የመጨረሻው ቁልቁለት ከምዕራብ ለሚመጣ ዳገት፣ ከምሥራቅ ለሚመጣ ገደል ነው፤ በዝናብና በነፋስ ቀን ከግንቡ በስተ ደቡብ በታች የሚያልፈውን የሮማውያን ወታደራዊ መንገድ ብትከተሉ አያስነውርም።

በዚህ መንገድ ላይ 37 ቁጥር የማይል ምሽግ የሰሜን በሩ ቅስት ጅማሬ ቆሞለት ይታያል፤ ከፊት ለፊት ባዶው ሰሜን። ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ ሲካሞር ጋፕ አለ። በሁለት ኮረብታ መካከል ለብቻው ቆሞ የነበረውን ዝነኛ ዛፍ በሴፕቴምበር 2023 ሌሊት በመጋዝ ቆርጠው ጣሉት፤ ሲወድቅ ግንቡንም ጎዳው። ሁለት ሰዎች በ2025 ተፈርዶባቸው ታስረዋል። ጉቶው በማግሥቱ ዓመት አቆጥቁጧል፤ ቀንበጡ እንዳይረገጥ ታጥሯልና አጥሩን አትለፉ።

ቪንዶላንዳን ሳያዩ መመለስ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ከግንቡ በስተ ደቡብ ስለሚገኝ ግን የስድስት ቀን ጥቅሎች ይዘሉታል። ምሽጉ ከግንቡ ይቀድማል። መሬቱ ውሃ የቋጠረና አየር የማይገባበት በመሆኑ ሌላ ቦታ የሚበሰብሰው እንጨት፣ ቆዳና ጨርቅ እዚህ ተርፏል። ከ1973 ጀምሮ የተገኙት በቀለም የተጻፉ ስስ የእንጨት ሰሌዳዎች የስንቅ ዝርዝር፣ የፈቃድ ጥያቄ፣ የጓደኛ ወቀሳ ይዘዋል። አንዷ ሴት፣ ክላውዲያ ሴቬራ፣ ጓደኛዋን ሱልፒሲያ ሌፒዲናን ለልደቷ ቀን የጠራችበት ደብዳቤ በ100 ዓ.ም. አካባቢ የተጻፈ ነው፤ መጨረሻው ላይ በራሷ እጅ ጥቂት መስመር ጨምራበታለች። አብዛኞቹ ሰሌዳዎች ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው፤ ጥቂቶቹ እዚሁ ይታያሉ። የወታደሮችና የሕፃናት ጫማዎች ግን በብዛት እዚሁ አሉ። በአውሮፓ የበጋ ወራት ቁፋሮው በዓይናችሁ ፊት ይካሄዳል። ከሦስት ሰዓት በታች አትመድቡለት። መግቢያው ካርቮራን ካለው የሮማ ጦር ሙዚየም ጋር በአንድ ቲኬት ይሸጣል።

እንግዲህ ድርጅት አያስፈልግም ያልንበት የአራት ቀን ጉዞ ይህ ነው። በባቡር ሄክሳም ትደርሳላችሁ። ከፀደይ እስከ መጸው የሚሠራው ኤ ዲ 122 አውቶቡስ ከሄክሳም እስከ ሃልትዊስል በምሽጎቹ በር በር ያልፋል፤ ቁጥሩ የግንቡ ዓመት ነው። ዋንስ ብሩድ ላይ ሆስቴልም፣ ፐብም፣ የእንግዳ ማረፊያም ስላለ እዚያው አራት ሌሊት ያዙ። አንድ ቀን ቼስተርስን አይታችሁ እስከ ሃውስቴድስ በእግር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ማረፊያ። በማግሥቱ ሃውስቴድስ በር ሲከፈት ግቡና ገደሉን ይዛችሁ ወደ ስቲል ሪግ ተራመዱ። ሦስተኛው ቀን ለቪንዶላንዳ። አራተኛው ከስቲል ሪግ ወደ በርዶስዋልድ ምሽግ፣ 16 ኪሎ ሜትር ያህል። ማረፊያችሁ አንድ ስለሆነ ሻንጣ አድራሽ አይከፈልም፤ አየሩ ከከፋም ቀኖቹን እርስ በርስ ማቀያየር ትችላላችሁ። ይህን የጥቅል ጉዞ አይፈቅድላችሁም። ጥንቃቄ የሚሻው አውቶቡሱ ነው፦ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ የዓመቱን ሰሌዳ አስቀድማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ የመጨረሻውንም አትጠብቁ።

ያ አራተኛው ቀን ዊንሺልድስ ላይ 345 ሜትር ይደርሳል፤ የመንገዱ ጣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ኮውፊልድስ፣ ዎልታውን ክራግስ፣ በግንቡ ድንጋይ የተሠራው ትርልዎል ቤተ መንግሥት፣ ጊልስላንድ ላይ ያለው 48 ቁጥር የማይል ምሽግ ይከተላሉ። ዊሎውፎርድ ላይ ቆም በሉ። የሮማውያን ድልድይ መሠረት ደረቅ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ታያላችሁ፤ ወንዙ ባለፉት መቶ ዘመናት ወደ ምዕራብ እየሸሸ ትቶት ሄዷል። በርዶስዋልድ አጠገብ ያለው ግንብ ሳይቆራረጥ ከቀረው ሁሉ ረጅሙ ነው። ከዚህ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚመልሳችሁን ታክሲ ከማታው ያዙ።

ምግብን በተመለከተ። የመንደር ፐቦች ማታ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ (በፈረንጅ 8፡30) ማእድ ቤታቸውን ይዘጋሉ፤ ሌላ ምርጫ ስለሌለ ጠረጴዛ አስቀድማችሁ ያዙ። ለጾመኛ “ቬጀቴሪያን” ማለት አይበቃም፤ አይብና እንቁላል ይመጣላችኋል። “ቪጋን” በሉ፣ ሾርባው ውስጥ ክሬም፣ ዳቦው ላይ ቅቤ እንዳይኖርም ለይታችሁ ጠይቁ። ፍልሰታ ዋናው የጉዞ ወቅት ላይ፣ ኦገስት 7 ቀን ስለሚጀምር ማረፊያ ሲያዝ መናገር ይሻላል። የተራራ ስንቅ በሶና ቆሎ የሚያህል የለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ግን ቋንጣና ቅቤ ይዞ አይምጣ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ወደ ብሪታንያ ማስገባት ስለተከለከለ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።

ወቅቱ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው። የጉዞ ፓስፖርት የሚባለው ማኅተም የሚመታበት ካርድም ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሆን ተብሎ። በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ መሬቱ ውሃ ስለሚጠግብ የተጓዥ እግር ሣሩን ልጦ ከሥሩ ያለውን ያልተቆፈረ ቅርስ ይጎዳል። በዚሁ ምክንያት ግንቡ አጠገብ ተከታትላችሁ በአንድ መስመር አትሂዱ፤ ጎን ለጎን ተራመዱ፣ ጥርጊያ እንዳይሠራ። ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ይነፍሳል። ከምሥራቅ የሚነሣ ሰው ዝናቡን በፊቱ ይቀበላል፣ ከምዕራብ የሚነሣ በጀርባው። ጁላይም ቢሆን እውነተኛ የዝናብ ጃኬትና ሱሪ ያዙ። ካርታ ከሆነ ሃርቪ የሚያሳትመው 1፡40,000 ውሃ የማያበላሸው ካርታ ሙሉውን መንገድ በአንድ ወረቀት ይዟል። ምልክቱ ነጭ የኦክ ዛፍ ፍሬ ምስል ነው፤ ጭጋግ ካልወረደ በቀር መጥፋት ይከብዳል።

አደጋ ከተባለ ገደሉ ሳይሆን ላም ናት። መንገዱ በግጦሽ መሬት ውስጥ ያልፋል፤ ጥጃ ያላት ላም፣ በተለይ ውሻ ስታይ፣ ታጠቃለች። በላሟና በጥጃዋ መካከል አትግቡ፣ ዳር ይዛችሁ ዙሩ፤ ብትመጣባችሁ የውሻውን ገመድ ልቀቁት። ማታ ማታ መዥገር ይኖር እንደሆነ እግራችሁን ፈትሹ።

ከበርዶስዋልድ በስተ ምዕራብ ድንጋዩ እየሳሳ ይሄዳል። በዚህ በኩል ግንቡ መጀመሪያ ከሣርና ከአፈር ነበር የተካበው፣ በድንጋይ የተተካው በኋላ ነው። ባንክስ አጠገብ ሄር ሂል ላይ አንድ ከፍ ያለ ቁራጭ ቆሟል፤ በግንቡ ድንጋይ የተሠራው የላነርኮስት ገዳም ከመንገዱ ወጣ ብሎ ለማየት የሚገባ ነው። ካርላይል አካባቢ ወንዙ ዳርቻውን ስለሚቦረቡር መንገዱ አልፎ አልፎ ይቀየራል፤ አሮጌ መመሪያ መጽሐፍ ሳይሆን የመንገዱን ይፋዊ ገጽ ተከተሉ።

ከካርላይል በኋላ ያለችው በርግ ባይ ሳንድስ ግን ለእኛ አንባቢ ልዩ ናት። በ3ኛው መቶ ዘመን እዚህ ምሽግ ውስጥ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ የሙሮች ጦር ሰፍሮ ነበር፤ አጠገቧ ባለችው ቦሞንት የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል፣ መንደሯም ውስጥ መታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አንድ የሮማውያን የነገሥታት ታሪክም ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ በግንቡ አጠገብ “ኢትዮጵያዊ” ወታደር እንዳጋጠመው ያወሳል። ሊቃውንት ያንን መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ አያምኑትም፣ በዚያ ዘመንም ስያሜው ለጥቁር አፍሪካዊ ሁሉ ነበር። የሆነ ሆኖ አፍሪካውያን በዚህ ብርድ አገር ዘብ መቆማቸው እርግጥ ነው፤ ድርጅቶቹ የሚሰጡት መግለጫ ስለዚህ አለመናገሩ ጉድለት ነው።

ከመንደሯ ቀጥሎ መንገዱ ለብዙ ኪሎ ሜትር በባሕር ረግረግ ዳር ያልፋል። የባሕር ሙላት ከዘጠኝ ሜትር በሚበልጥበት ቀን አስፋልቱ ራሱ በውሃ ይሸፈናል፤ ሙላቱ ጫፍ ከሚደርስበት ሰዓት አንድ ሰዓት በፊትና አንድ ሰዓት በኋላ ማለፍ አይቻልም። የሙላት ሰሌዳው መግቢያው ላይ ተለጥፏል፣ እናንተ ግን ከማታው በኢንተርኔት እዩት፤ እዚያ ደርሶ መቆም ከቦውነስ የሚመልሰውን አውቶቡስ ያሳጣል። ያ አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው፣ እሑድ አትተማመኑበት።

የሸንገን ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ብሪታንያ አያስገባም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከዱባይ፣ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ፣ የእስራኤልና (ከአየርላንድ በቀር) የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የያዘ ደግሞ ከ2025 ወዲህ ኢቲኤ የሚባለውን ፈቃድ በስልኩ ቀድሞ ያወጣል። ለቪዛ ጠያቂ ሰው ስለዚህ የድርጅቱ የስረዛ ደንብ ከዋጋው ይበልጣል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ፦ ቪዛ ቢከለከል ምን ያህል ይመለሳል? እያንዳንዱ ማረፊያ ከመንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ማንስ ያመላልሳል? ዋንስ ብሩድ ላይ ሁለት ሌሊት ማድረግ ይቻላል? አንድ ቀን መራመድ ባልችል ከሻንጣዬ ጋር እኔንም ትወስዱኛላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ ብዙዎቹ አይሆንም ይላሉ፤ ሻንጣ ጫኙ መኪና ሰው ለመጫን ፈቃድ የለውምና።